ዋርፋሪን፣ ሪፋምፒሲን እና የእኔ ጉበት

ልቤ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ። በልጅነቴ እየተመላለሰ ያሠቃየኝ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ ልቤን ነካና፣ ሚትራል የሚባለው የግራ ቫልቭ ከጥቅም ውጭ ሲሆን በሜካኒካል ቫልቭ ተተካልኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬንም የምወስደው ነው። አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ሜካኒካል ቫልቭ ላለው ሰው ስለማይሆኑ ሌላ ምርጫ የለኝም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቲቢ ያዘኝ። አሁን ቲቢው ድኗል፣ ቫልቩም ሥራውን አልተወም፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማዋለሁ።

ላካፍላችሁ የፈለግሁት በሁለቱ ሕመሞች መካከል ያለፍኩበትን ነው። ለየብቻቸው ሕይወቴን ያተረፉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን፣ ከዚያም አንደኛው ተፈጽሞ ሲቆም ምን እንደሚከተል። ስለ መጀመሪያው የሚያስጠነቅቅ አይጠፋም። ስለ ሁለተኛው ግን ማንም ትንፍሽ አላለልኝም፤ ሞት አፋፍ ያደረሰኝም እሱው ነው።

ከዋርፋሪን ልጀምር፤ ጠባዩ ካልታወቀ ቀሪው ታሪክ አይገባም። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበው የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው። ለሰው ሕክምና የዋለው በ1954 ነው። መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ግን ማወቄን ወደድኩት። የሚያድነው መጠንና የሚጎዳው መጠን እጅግ የተቀራረቡበት መድኃኒት እንደምውጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስታውሰኝ ነገር የለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆስፒታል ሳለሁ ኪኒኑን እየዋጥኩ ሆዴ ላይ ደግሞ ሄፓሪን የሚባል ሌላ ደም ማቅጠኛ እወጋ ነበር። ኪኒኑ እያለ መርፌው ለምን እንዳስፈለገ ተረኛዋን ሲስተር ስጠይቃት፣ «ሄፓሪኑን በአፍ ብንሰጥሽ እንደገባ ይወጣል እህቴ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የሄፓሪን ሞለኪውል ትልቅ ስለሆነ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ አይገባም። ዋርፋሪን ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይገባል። ነገር ግን ደም ውስጥ መግባትና መሥራት ለየቅል ናቸው። ዋርፋሪን ደም ውስጥ ቀድመው ያሉትን የማርጊያ ፕሮቲኖች አይነካም፤ ጉበት አዳዲሶቹን በደንብ እንዳይሠራ ነው የሚያግደው። የቀደሙት እስኪያልቁ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከመካከላቸው አዝጋሚው ደግሞ ግማሹ ለመጥፋት ብቻ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ዋርፋሪኑ እስኪሠራ መርፌው እንዲሸፍን ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጡት ለዚህ ነው፣ ለዚህም ነው ዛሬ የተዋጠ ኪኒን ውጤቱ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚታየው። አጠገቤ ተኝቶ የነበረ ሰው ይህን ሳያውቅ ቤቱ ገብቶ «ምንም አልሠራልኝም» በማለት መጠኑን በራሱ ጨምሮ፣ እየደማ ተመልሶ መጣ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሁሉ፣ ያመለጣችሁን ኪኒን በማግስቱ ደርባችሁ አትዋጡ።

የደም ቅጥነት የሚለካው አይኤንአር በሚባል ቁጥር ነው። ደም ማቅጠኛ በማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው፤ የኔ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ከወረደ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከወጣ ደግሞ መድማት ይመጣል። በቀን 5 ሚሊግራም እየዋጥኩ ለዓመታት 3 አካባቢ ተረጋግቼ ኖርኩ።

ቲቢው ሲገኝ የተለመደው የ6 ወር ሕክምና ተጀመረልኝ። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ለቀጣዮቹ 4 ወራት ሁለት፦ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። (ዓይናችሁ ውስጥ የሚደረግ ሌንስ ያላችሁ ግን በሕክምናው ጊዜ ተዉት፤ ቀለሙ ከሌንሱ አይለቅም።) ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ስለሚቀንሰው በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ እንድወስደው ተነገረኝ። ዋርፋሪን እንደምወስድ ተናገርኩ፤ ካርዴ ላይም ተጻፈ።

በሁለተኛው ሳምንት አይኤንአሬ 1.4 ሆኖ ተገኘ። በዋርፋሪን ክሊኒኩ ያየኝ ሐኪም ወረቀቱን አየና ቀና ብሎ፣ «ኪኒኑን በትክክል ትወስጃለሽ?» አለኝ።

«አንድም ቀን አላለፈኝም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያውስ ቁጥሩ እንዲህ ሊወርድ አይችልም።»

ጎመንና ሰላጣ አብዝቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቫይታሚን ኬ ስላለባቸው የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳሉ። አላበዛሁም። ትንሽ መጠን ተጨመረልኝ፣ በቀጣዩ ምርመራ ጭራሽ ወረደ። የሚያሳዝነው የታካሚን ቃል መጠራጠር ከሁሉም የቀለለ ማብራሪያ መሆኑ ነው፤ ለዚያም ነው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው። እንዲህ ሲገጥማችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትውጡ። «እየወሰድኩ ከሆነስ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነገሩን የፈታው የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ አንድ አዛውንት የመድኃኒት ባለሙያ ነው። የታዘዘልኝን ሊሰጠኝ ተነስቶ፣ መጠኑን ሲያይ ቆም አለ። የምወስደውን ሁሉ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ሪፋምፒሲን ሲያይ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ልጄ፣ አንቺ በትክክል ትውጫለሽ፤ ጉበትሽ ነው እየቀደመሽ ያለው» አለኝ።

የነገረኝ ይህን ነው። የምንውጠው ነገር ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ በቀጥታ ወደ መላ ሰውነት አይሄድም። ከአንጀት የሚወጣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። አንዳንዱ መድኃኒት በዚህ የመጀመሪያ ጉዞው ብቻ አብዛኛው ክፍሉ ይጠፋል። ደረት ላይ የልብ ሕመም ሲነሳ የሚወሰደው ናይትሮግሊሰሪን ምላስ ሥር የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ ከምላስ ሥር የሚገባው ደም በጉበት አያልፍምና። ጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ይለውጡታል፣ አብዛኛውን ጊዜም በውኃ የሚሟሟ ያደርጉታል፤ ከዚያ ኩላሊት በሽንት ወይም ሐሞት በዓይነ ምድር ያስወጣዋል። ሁሌ ማጥፋት ብቻም አይደለም። ኮዴይን ለምሳሌ ጉበት ወደ ሞርፊን ካልለወጠው ሕመም የማስታገስ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ኢንዛይማቸው ደካማ የሆኑ ሰዎች ምንም አይሰማቸውም፣ እጅግ ፈጣን የሆነባቸው ደግሞ በተለመደው መጠን ይመረዛሉ።

ሪፋምፒሲን ጉበትን እነዚህን ኢንዛይሞች አብዝቶ እንዲሠራ ያዝዘዋል። ዋርፋሪንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ከነዚህ አንዱ ነው። የመድኃኒት ባለሙያው እንዳስረዳኝ፣ ጉበቴ አምስት ሠራተኛ ይበቃው በነበረ ሥራ ላይ አሥራ አምስት ቀጥሯል። አዲሶቹ በአንድ ቀን አይቀጠሩም፤ ሙሉ ቁጥራቸው ላይ ለመድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አይኤንአሬ በአንድ ጊዜ ያልወደቀው፣ ቀስ እያለ የወረደው ለዚህ ነበር።

ስልኩን አንስቶ ሐኪሙን አነጋገረው። ሐኪሙም፣ ምስጋና ይድረሰው፣ ሳያኮርፍ ሰማው። አይኤንአሬ እስኪመለስ ሄፓሪን መርፌው ተመለሰልኝ፣ ዋርፋሪኑም በየምርመራው እየተጨመረ በመጨረሻ በቀን 15 ሚሊግራም ላይ ረጋ። የድሮው ሦስት እጥፍ ነው። ቁጥሩ አስፈራኝ፤ ሪፋምፒሲን ሲጨመር የዋርፋሪን መጠን ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ መጨመር ሊያስፈልግ እንደሚችል ስሰማ ግን ተረጋጋሁ።

ሪፋምፒሲን የምትወስዱ ወይም የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ነገሩ የዋርፋሪን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና በክንድ የሚቀበር መከላከያ አቅማቸው ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ሳይታሰብ ማርገዝ አለ። ዶሉተግራቪር የሚባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆንለታል። ፕሬድኒሶሎንም፣ አንዳንድ የስኳር ኪኒኖችም ቶሎ ይፈርሳሉ። «ቲቢ መድኃኒት ጀምሬያለሁ» የሚለውን ቃል ማዘዣ ለሚጽፍላችሁ ሁሉ ንገሩ።

ስድስተኛው ወር አለቀ። የቲቢ ክሊኒኩ ሠራተኞች እንኳን ደስ አለሽ ብለው ካርዴን ዘጉት። ቤተሰብ ደስ አለው፣ እኔም የማለዳው ባዶ ሆድ ኪኒን ስለቀረልኝ ደስ አለኝ። በዋርፋሪን ክሊኒኩ አይኤንአሬ ለወራት የተስተካከለ ስለነበር ቀጠሮዬ ተራርቆ ነበር፤ የሚቀጥለው ገና ከወር በላይ ይቀረዋል። 15 ሚሊግራሜን መዋጥ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነበረውም። ከዚያ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማ ጀመር። ጭኔ ላይ የት እንደመታኝ የማላስታውሰው ትልቅ ቦታ በለዘ። የወር አበባዬ አልቆም አለ። አንድ ጠዋት ዓይነ ምድሬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሳየው ነው እህቴን ጠርቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄድነው። አይኤንአሬ ከ8 በላይ ነበር።

ጉበት የሪፋምፒሲን ትእዛዝ ሲቀርበት ተጨማሪዎቹን ኢንዛይሞች መተካት ያቆማል፤ ያሉትም እያረጁ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ይመናመናሉ። ከዚያ በኋላ እኔ 5 ሚሊግራም ብቻ የሚበቃት ሴት ነበርኩ፣ የምውጠው ግን 15 ነበር። ኪኒኑ ያው፣ ሰዓቱም ያው፣ ሴትየዋም ያቺው።

ሕክምናውም ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱን የሚመክት ቫይታሚን ኬ አለ፤ ግን ሜካኒካል ቫልቭ ላለው ሰው በብዛት ቢሰጥ ደሙ ቶሎ ይረጋና ቫልቩን ሊዘጋው ይችላል፣ ከዚያም ዋርፋሪን ለቀናት አልሠራ ይላል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየሰዓታቱ ደሜን እየመረመሩ ሰጡኝ። ደምም ተሰጠኝ። ዋርፋሪኑ ተቋርጦ ቆይቶ በ5 ሚሊግራም ተጀመረ።

ማን አጠፋ ብዬ ብዙ አውጥቻለሁ አውርጃለሁ። የቲቢ ክሊኒኩ ቲቢዬን አድኗል። የዋርፋሪን ክሊኒኩ በየቀጠሮዬ ደሜን ለክቷል። በየክፍሉ የሚሞላ ቅጽ ሁሉ «አሁን የሚወስዱት መድኃኒት?» ይላል፤ «በቅርቡ ያቆሙትስ?» የሚል ግን አንድም አላየሁም። ለኔ ጉድለቱ እዚያ ነው። ቅጹ እስኪስተካከል ግን ማን ይጠብቃል፤ እኔ የራሴን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የጀመርኩበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን። የሚያልቅበት ቀን በቀይ ነው። የዚያን ሳምንትና ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ሳምንታት የምርመራ ቀጠሮ አስቀድሜ አስይዛለሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንደ ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነቃቃሉ፤ እነሱን ማቆምም ያው ጣጣ አለው።

በዚያ ሰሞን ከጎኔ የተኙ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ለዓመታት የተስማማቸው የልብ መድኃኒት ዲጎክሲን ነው ትላለች፤ መጠኑም አልተለወጠም። ግን ያቅለሸልሻቸዋል፣ ይተፋሉ፣ የልብ ምታቸው ቀንሷል። እኔን እያዩ «ልጄ፣ ምነው ቢጫ ሆንሽብኝ?» ይላሉ፤ ግድግዳውም አንሶላውም ቢጫ ሆኖ ነበር የሚታያቸው። የእሳቸው ጉዳይ ከጉበት ሳይሆን ከመውጫው ነው። ዲጎክሲን በአብዛኛው ሳይለወጥ በኩላሊት ነው የሚወጣው። ኩላሊት ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ በዚያ ላይ እማማ ተቅማጥ ይዟቸው ፈሳሽ አጥሯቸው ነበር። ኩላሊት ሲደክም ዲጎክሲን ሳይወጣ በየቀኑ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ካሏችሁ፣ «ይህን መድኃኒት ለዓመታት ወስደውታል» የሚለው ነገር አያዘናጋችሁ። ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው አሠሩላቸው፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዛቸው ስለ መድኃኒታቸው ሐኪም ጠይቁ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም በኩላሊት የሚወጣ ነው፤ ኩላሊት እጅግ ከደከመ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ መድኃኒት ሲታዘዝልኝ የምጠይቀው ጥያቄ፣ «ከሰውነቴ የሚወጣው በምን በኩል ነው፣ ምን ያህልስ ይቆያል?» የሚል ነው። ለሁለተኛው መልስ የሚሆነው ግማሽ ዕድሜ የሚሉት ነው፤ ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ። የፓራሲታሞል ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፣ የዋርፋሪን በአማካይ 40 ሰዓት ገደማ፣ አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ ምት መድኃኒት ደግሞ ሳምንታትና ወራት። ከአራት እስከ አምስት ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ መድኃኒቱ አለቀ ማለት ይቻላል። ፓራሲታሞል ትናንት ያቆመ ሰው ዛሬ ነጻ ነው፤ አሚዮዳሮን ያቆመ ሰው ግን ለወራት እየወሰደ እንዳለ ይቆጠር። ይህን ሐኪሙ ካልነገራችሁ ፋርማሲው ይነግራችኋል። እንዲያውም ከልምዴ፣ ፋርማሲ ውስጥ ያሉት ጊዜ ሰጥተው ካነጋገራችኋቸው ከማንም በላይ የሚያስረዱ ናቸው፤ እኛ ግን ከረጢቱን ተቀብለን ለመውጣት እንቸኩላለን።

ሌላም ከተኛሁበት ያየሁትን ልጨምር። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራን ኪኒን ለመዋጥ ከበደኝ ብሎ መፍጨት የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ መዋጥ ነው፤ ካስቸገራችሁ ፈሳሽ ወይም ሌላ ዓይነት እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከአይረን፣ ከካልሲየም ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብረው ከተዋጡ ሆድ ውስጥ ተጣብቀው ብዙው ሳይገባ ይወጣል፤ ማራራቅ ነው። ደም ማቅጠኛ የምንወስድ ሰዎች ለራስ ምታት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይሆኑንም፤ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ የደም መቆምንም ያዳክማሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በቀን 2 ግራምና ከዚያ በላይ ለተከታታይ ቀናት ከሆነ አይኤንአርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ማንም ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ፓራሲታሞል እንዳለ ሳያነቡ ደርበው የሚውጡ ብዙ ናቸው። የተፈጥሮ ነው የተባለ የዕፅዋት መድኃኒትም በዚያው ጉበት ነው የሚያልፈው፤ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ዕፅ እንደ ሪፋምፒሲን ኢንዛይም ያበዛል። ጎመኑን ግን አትተዉት፤ የሚፈለገው ዛሬ በዝቶ ነገ እንዳይጠፋ፣ መጠኑ እንዳይዋዥቅ ነው።

የጻፍኩትን አንብባችሁ ማንኛውንም መድኃኒት በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አታቁሙ። የኔ 15 ሚሊግራም ሌላውን ሰው ይገድለዋል፤ እኔንም ሊገድለኝ ነበር።

በቅርቡ ጥርሴ መግል ይዞ የጥርስ ሐኪሟ ሜትሮኒዳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ልትጽፍልኝ ስትል ወረቀቴን አሳየኋት። ይህኛው የሪፋምፒሲን ተቃራኒ ነው፤ ዋርፋሪንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግደው አይኤንአር በቀናት ውስጥ ይወጣል። ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ዋርፋሪን ክሊኒኩ ደወለች። ተነጋግረው ዋርፋሪኑን ቀነሱልኝ፤ አንድ ምርመራ በመካከል፣ አንዱን ደግሞ ሜትሮኒዳዞሉ ካለቀ በኋላ ቀጠሩልኝ። የመጀመሪያው 3.3 ሆነ። ሁለተኛው 2.6 ሲሆን ወደ 5 ሚሊግራሜ መለሱኝ።